ጣት የሚያህል ወታደር፦ ስለ ሞዴል አቀባብ የጠየቃችሁኝና መልሴ

የካቲት 23 ሰሞን አንድ የቀባሁትን ሞዴል አሳይቻችሁ ነበር። ቁመቱ 75 ሚሊ ሜትር ነው። ጃኖ የደረበ፣ ጋሻ የያዘ፣ ባዶ እግሩን የቆመ የአድዋ ዘመን ተዋጊ። «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» ስል ይህን ያህል ይመጣል አላልኩም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሴ።

መጀመር እፈልጋለሁ። ከትንሹ ልጀምር ወይስ ከትልቁ? (ከሀዋሳ)

ብዙ ሰው ትንሹ ይቀላል ብሎ ያስባል። የሚቀባው ቦታ ትንሽ ነዋ! እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምመክርህ። 1/72 በሚባለው መጠን፣ ማለትም እውነተኛው ቁመት ለ72 ሲካፈል፣ አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ ሰው 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጭንቅላቱ ከምስር ፍሬ ያንሳል። 1/35 ላይ ያው ሰው 51 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 1/24 ላይ 75 ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ጭንቅላቱ ሽምብራ ያህላል። ምስር ላይ ዓይንና አፍንጫ ከመፈለግ ሽምብራ ላይ መሥራት ይሻላል። 54 ወይም 75 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሞዴል ብቻ ግዛ። አንድ ሳጥን ሙሉ ገዝተው አንዱንም ሳይጨርሱ የተዉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ቀለሙ ውድ ነው። የግድግዳ ቀለም አቅጥኜ ብጠቀምስ?

አይሆንም። የግድግዳ ቀለም ዱቄቱ ሸካራ ነው። ሲደርቅ ወፍራም ቆዳ ይሠራና የሸሚዙን ቁልፍ፣ የጣቶቹን መለያያ ሁሉ ይውጠዋል። የልጆች የውሃ ቀለምም በእጅ ሲነካ ይለቃል። በውሃ የሚቀጥን፣ አክሪሊክ የሚባል ቀለም ያስፈልግሃል። ቫዬሆና ሲታዴል የሚባሉት ስሞች የታወቁት ናቸው። ካላገኘህ ሠዓሊዎች የሚጠቀሙበት በቱቦ የሚሸጠው አክሪሊክም፣ በደንብ ከቀጠነ፣ ይሠራል።

ደግሞ 40 ጠርሙስ አያስፈልግህም። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቡናማ። በነዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ መቀባት ይቻላል። እያደባለቁ መሥራት ዓይን ያሠለጥናል።

ታሚያ የሚባለውን አክሪሊክ በብሩሽ ስቀባ ከሥር ያለውን እየጎተተ ያነሳብኛል። ምን ላድርግ?

ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ያ ቀለም አልኮል አለበት፤ ሁለተኛው ልባስ የመጀመሪያውን ያሟሟዋል። በመርጫ ሲነፋ ግሩም ነው። ለብሩሽ ግን ሌላ ምረጥ።

ለትንሽ ነገር በጣም ቀጭን ብሩሽ ገዛሁ፤ ቁጥሩ ባለ ሦስት ዜሮ (000)። ቀለሙ ግን ጫፉ ላይ ይደርቅብኛል።

ይህ ጥያቄ ከሰባት ሰው መጣ። ምክንያቱም ቀላል ነው። ቀጭን ብሩሽ ሆዱ ቀለም አይይዝም። ከፓሌቱ (ቀለም ከሚደባለቅበት ሰሌዳ) ተነስቶ ሞዴሉ ጋ እስኪደርስ ይደርቃል። የሚያስፈልግህ ቀጭን ብሩሽ ሳይሆን ጫፉ ሹል የሆነ ብሩሽ ነው። እኔ ዓይን ሳይቀር የምሠራው በ1 ቁጥር ነው። ሆዱ ቀለሙን ይይዛል፣ ጫፉ መስመሩን ይስላል።

ከቻልክ ኮሊንስኪ ከሚባለው የእንስሳ ጸጉር የተሠራ ብሩሽ ግዛ። የእንግሊዙ ኩባንያ ዊንሰር ኤንድ ኒውተን ሲሪስ 7 የሚባለውን ብሩሽ የሠራው በ1866 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ ነው፤ ዛሬም ይመረታል። አያያዙን ግን እወቅበት። ቀለም እስከ ብረቱ አንገት ድረስ አትንከር። ውሃ ውስጥ በጫፉ አቁመህ አትሂድ። ማታ በሳሙና እጠበው፣ ጫፉን በጣትህ አሹለው፣ አጋድመህ አድርቀው።

«አቅጥኑ» ትላላችሁ። ምን ያህል?

ወተት እስኪመስል። እርጎ ከመሰለ ወፍራም ነው። አውራ ጣት ጥፍርሽ ላይ አንድ መስመር አስምሪ። ጥፍርሽ በስሱ ከታየ፣ ቀለሙም ወደ ዳር ካልሸሸ፣ ልክ ነው። አንዴ ልባስ ሸፍኖ እንዲያልቅ አትጠብቂ። ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይሸፍነዋል።

እርጥብ ፓሌት ደግሞ ቤት ውስጥ ይሠራል። የምግብ መያዣ ፕላስቲክ ክዳን ላይ ስስ ስፖንጅ አስቀምጪ፣ በውሃ አርጥቢው፣ ከላይ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት አልብሺው። ቀለምሽ ወረቀቱ ላይ ለሰዓታት ሳይደርቅ ይቆያል። ከሳዑዲ፣ ከዳማም የጻፍከው ወንድሜ፣ «ቀለሙ በሙቀት ወዲያው ይደርቃል» ላልከውም መልሱ ይኸው ነው። አየር ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት አትቀመጥ እንጂ!

ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ቀለም ሳነሳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። (ከአዳማ)

አይዞሽ፣ እኔም ደርሶብኛል። ሬዚን ከሚባለው እንደ ፕላስቲክ ከሚጠነክር ፈሳሽ የሚሠራ ሞዴል ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት አለ። እሱ ላይ ቀለም አይዝም። ከመጀመርሽ በፊት ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እሺው። አድርቂው። ከዚያ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ የሚቀባውን ልባስ፣ ቀቢው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሞዴሉን በጣትሽ አትንኪው። የውሃ ጠርሙስ ክዳን ላይ በማስቲሽ ለጥፊውና ክዳኑን ያዢ።

በክረምት በጣሳ የሚነፋ ፕራይመር አትጠቀሙ፤ እርጥበቱ ገብቶ ዱቄት የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ዝናብ ያባራበትን ደረቅ ሰዓት ጠብቁ፤ ካልሆነም በብሩሽ የሚቀባውን ያዙ።

ለምን ጥላ ትቀባላችሁ? መብራት ሲበራበት ራሱ ጥላ ይሠራ የለም ወይ?

ይህን የጠየቀችኝ የ12 ዓመት ልጅ ናት። ከሁሉም ጥያቄ የወደድኩት ይህንን ነው።

የኔ ልጅ፣ የእናትሽን ነጠላ ወንበር ላይ ጣል አድርገሽ መስኮት አጠገብ አስቀምጪው። እጥፋቱ ውስጥ እጅሽ ይገባል። ብርሃን እዚያ ስለማይደርስ ይጠቁራል። የኔ ወታደር ሸማ ላይ ያ እጥፋት ጥልቀቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ጥላ ቢኖርም ጠባብ ስለሆነ ዓይን አይለየውም። ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አንድ ነጭ ቀለም ብቻ ከቀባሽው ሰው አይመስልም፤ የጥርስ ሳሙና ይመስላል። ብርሃኑንም ጥላውንም የምንሠራው እኛ ነን። በዚህ ሥራ ውስጥ ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ አንድ ዘዴ አለ። ሞዴሉን ሙሉ በሙሉ ጥቁር ፕራይመር ቀቢው። ሲደርቅ ነጩን ከአናቱ በላይ ብቻ ንፊበት። ፀሐይ ከላይ እንደምታበራው ማለት ነው። ከዚያ ዙሪያውን ፎቶ አንሺው። ያ ፎቶ ካርታሽ ነው። የነጣው ቦታ ብርሃን፣ የጠቆረው ጥላ።

ትምህርቶቹ ሁሉ የነጭ ሰው ቆዳ ናቸው። የእኛን ሰው ስቀባ ወይ ቸኮሌት ይሆናል ወይ አመድ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከቴል አቪቭ)

ይህ የብዙ ዓመት ቁጭቴ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው።

መጀመሪያ «ቡናማ» የሚለውን ቃል እንርሳው። እኛ እርስ በርሳችን ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያልን ነው የምንለያየው። ቀለም ከማደባለቃችሁ በፊት የምትቀቡት ሰው የትኛው እንደሆነ ወስኑ። የእኔ ተዋጊ ጠይም ነው። መነሻው ቡናማ ላይ ትንሽ ቀይና የስንጥር ጫፍ የምታህል ሰማያዊ ነው።

አመድ የሚያደርገው ነጭ ነው። ብርሃን ለማምጣት ቡናማው ላይ ነጭ ስትጨምሩ ቆዳው ቅባት ያጣ፣ ያመደደ ይመስላል። በነጭ ፈንታ ቢጫና ብርቱካናማ ጨምሩ። ነጭን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ነጥቦች ብቻ፣ ያውም ከቢጫው ጋር አደባልቃችሁ አቆዩት። ቸኮሌት የሚያደርገው ደግሞ ጥላው ነው። ጥላ በጥቁር አይሠራም። መነሻው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ጨምሩበት። ቆዳው ወዲያው ሕይወት ይዘራል።

ሦስተኛው ነገር አብረቅራቂነት ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ብርሃን እንደ ነጭ ቆዳ ተበትኖ አይታይም፤ ሰብሰብ ብሎ ነው የሚያበራው። ጉንጭ አጥንት፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የግንባር ዳር። ከደጅ የቆመ ሰው ከሆነ ያ ነጥብ የሰማይን ቀለም በትንሹ ይይዛል። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ፊት ልብ ብላችሁ እዩ። ከዚያ ውጭ ያለውን መካከለኛ ቀለም ሰፊ አድርጋችሁ ተዉት። መዳፍና የእግር ሥር ነጣ ይላል። የታችኛው ከንፈር መሐሉ ቀላ ይላል። በመጨረሻ ልብሱን ማት የሚባለውን የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ (መከላከያ ልባስ)፣ ቆዳውን ሳቲን የሚባለውን ግማሽ አብረቅራቂ ቀቡት።

ትዕግሥት ያላችሁ ፊቱን በሠዓሊ ዘይት ቀለም ሞክሩት። ቶሎ ስለማይደርቅ ድንበሩን በደረቅ ብሩሽ ማለስለስ ይቻላል። ቀለሙን አስቀድማችሁ ካርቶን ላይ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ካርቶኑ ዘይቱን ይመጥጠዋል፣ ሲደርቅም አያብረቀርቅም።

ሸማው እንዴት እንዲህ ሸማ መሰለ? ጃኖውስ ሳይጣመም እንዴት ወጣ?

ሸማው ላይ ንጹሕ ነጭ ያለው ትከሻው ላይና ሁለት እጥፋት ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ቀሪው ነጭ የመሰላችሁ ሁሉ ነጭ አይደለም። መነሻው ነጭ ላይ ትንሽ ቡናማና በጣም ትንሽ ሰማያዊ ነው። ያልነጣ ፈትል አስቡ። ጥላው ወደ ግራጫ ያዘነብላል፣ በጣም አቅጥኜ አራት አምስት ጊዜ እጥፋቱ ውስጥ ብቻ ነው የማሳልፈው። ነጭ በችኮላ አይሆንም።

ሌላም ነገር አለ። የክተት አዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ነው። ውጊያው የካቲት 23። ሰውዬው ከመሐል አገር ተነስቶ ከሆነ ወራት በእግሩ ተጉዟል። የፋሲካ ዕለት ሸማ ሊሆንለት አይችልም። ስለዚህ ከታች ጠርዙ ላይና ተረከዙ ላይ የአፈር ቀለም፣ ውሃ እስኪመስል አቅጥኜ፣ በስፖንጅ ቁራጭ ነካ ነካ አደረግሁበት። ሰውዬው የመጣበት መንገድ የታየኝ ያን አቧራ ስጨምር ነው።

ጃኖው እንዲህ ነው። ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ለማስመር አትሞክሩ። መጀመሪያ በየእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ አጭር አጭር ቀይ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ በየጎድጓዳው። ከዚያ ምልክቶቹን አገናኙ። መስመሩ እጥፋቱን ተከትሎ ይወጣል ይገባል፤ ጨርቅ የሚያስመስለውም እሱ ነው። ዳሩ ከተበላሸ በሸማው ቀለም ይስተካከላል። ቀዩ ላይ ብርሃን ስትፈልጉ ብርቱካናማ ጨምሩ። ነጭ ከጨመራችሁ ሮዝ ይሆናል።

የጣሊያን አስካሪዎችን ልቀባ ነው። ልብሳቸው ምን ነበር?

አስካሪዎቹ ለጣሊያን የተቀጠሩ የአገር ተወላጅ ወታደሮች ናቸው፤ ልብሳቸው ነጭ፣ ራሳቸው ላይ ረጅም ቀይ ታርቡሽ (ቆብ)። የታርቡሹ ዘርፍና የወገብ መታጠቂያቸው ቀለም በየሻለቃው ይለያያል። ስለዚህ አንድ ቡድን ከሆኑ ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጋቸው። ነጩን ከላይ እንዳልኩት ሥራ፤ የእነሱ ግን ከሸማ ይልቅ ጠንከር ያለ ጨርቅ ስለሆነ እጥፋቱ ሾል ይበል።

ዓይን!

ከፊቱ በፊት ሥራው። ዓይን ነጭ አይደለም፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ ደብዛዛ ግራጫ አድርገው። ብሌኑን ከላይኛው የዓይን ቆብ ጋር አስነካው፤ በነጩ መሐል ብቻውን ከተንሳፈፈ የደነገጠ ሰው ይሆናል። ከላይ ቀጭን ጥቁር ቡናማ መስመር። የተሳሳተውን በቆዳው ቀለም ቁረጠው። 1/72 ላይ ግን ዓይን አትሥራ፤ ጥላ ይበቃል።

ከአባቴ የወረስኳቸው የድሮ የብረት ወታደሮች አሉ። ልጆቼ አብረውኝ ቢቀቡስ?

የድሮ የብረት ሞዴሎች ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይኖራል። መርዝ ነው። አይሞረዱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተጉ፣ ብናኙ ይተነፈሳል። ለልጆቹ ፕላስቲክ ግዙላቸው። እርስዎም ሲነኳቸው እጅዎን ይታጠቡ፣ ብሩሽ በከንፈር ማሹል የሚባለውን ልማድ ይተዉት።

ዕድሜዬ 58 ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኔም ደክሟል። ጊዜዬ አልፏል?

ኧረ በጭራሽ! የማንም እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጋሼ። ብልሃቱ መደገፍ ነው። ሁለቱንም ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ። የሁለቱን እጅ አንጓ ሥር አንድ ላይ ያስነኩ። አሁን እጆችዎ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት፣ ስለዚህ ብሩሹና ሞዴሉ አይለያዩም። መስመሩን ትንፋሽ ካወጡ በኋላ ያስምሩ። ለዓይን ግንባር ላይ የሚታሰር ማጉያ አለ፤ እኔም ያለሱ አልሠራም። መብራቱ የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ ይሁን። ቢጫ አምፖል ሥር የቀባነው ሰማያዊ ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቀናል።

አንዱን ለመጨረስ ስንት ቀን ይፈጃል?

የአድዋው ሰው ፊቱና እግሩ አራት ምሽት ወሰደብኝ። ሸማው አምስት። የጃኖው ጥለት ለብቻው አንድ ምሽት። ጋሻው ሁለት። ከሥራ መልስ በቀን ሁለት ሰዓት ብላችሁ አስሉት። አሁን ጎራዴ የታጠቀ ጓደኛ እየሠራሁለት ነው። ፕራይመሩ ትናንት ደርቋል፣ ዛሬ ማታ ፊቱን እጀምራለሁ። ይህኛውን ቀይ ዳማ ነው የማደርገው።