ክረምት፣ መብረቅና መብራት፦ ስለ ኮምፒውተራችሁ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ ይዞ የሚመጣው ሰው ብዛት ሌላ ነው፣ ስለዚህ ሳይቃጠል በፊት ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ።

ስታቢላይዘር አለኝ፣ ከመብረቅ ያድነኛል አይደል?

አያድንህም ወንድሜ። ስታቢላይዘር ሥራው ቮልቴጁ ሲወርድ ሲወጣ ወደ 220 መመለስ ነው፣ 170 ሲሆን ያነሳዋል 250 ሲሆን ያወርደዋል፣ ውስጡ ያለችው ሪሌ (መቀያየሪያዋ) ጠቅ እስክትል ግን ሚሊሰከንዶች ይፈጃል። መብረቅ የሚያስገባው ሰርጅ፣ ማለትም ድንገት የሚዘለው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ በማይክሮሰከንድ ነው ገብቶ የሚያልቀው፣ ሪሌዋ ሳትንቀሳቀስ ነገሩ አልቋል። አትጣለው ግን፣ መብራት ሲመጣ ትንሽ ቆይቶ የሚያሳልፍ ዲሌይ ካለው በጣም ይጠቅማል።

ብሬከሩስ አይወድቅም እንዴ?

ብሬከር የሚወድቀው ከረንት ሲበዛ ወይ ሾርት ሲፈጠር ነው። ቮልቴጅ አያይም።

እህቴ ከአሜሪካ ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ዲቫይደር ልካልኛለች፣ በአዳፕተር ልሰካው?

በፍጹም እንዳትሰኪው! ገልብጠሽ ጀርባውን አንብቢ፣ 125 ቮልት ምናምን ይላል። ውስጡ ቫሪስተር የሚባል ዕቃ አለ፣ ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ ትርፉን ወደ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) እና ወደ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) የሚያሳልፍ፣ እሱ የተሠራው ለነሱ 120 ቮልት ስለሆነ የኛን መደበኛ 220 ራሱን እንደ ሰርጅ ነው የሚቆጥረው፣ ይግላል ይጨሳል እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እዚሁ ስትገዢ 250 ቮልት የሚልና የጁል መጠኑ (ምን ያህል ሰርጅ መዋጥ እንደሚችል) የተጻፈበት ይሁን፣ ጁሉ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። ብዙው ሱቅ ላይ "ሰርጅ" ተብሎ የሚሸጠው ግን ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ተራ ዲቫይደር ነው። እውነተኛውም ቢሆን ሰርጅ በዋጠ ቁጥር ያልቃል፣ የመከላከያ መብራቱ ከጠፋ ሶኬቶቹ ቢሠሩም እንኳ ቀይሪው።

ፒያሳ አሮጌ ቤት ነው ያለነው፣ ሶኬቱ ጋ የሚመጣው ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ሰርጅ ፕሮቴክተር ብገዛ ዋጋ አለው?

ግማሽ ዋጋ አለው እንበል። በፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) እና በኒውትራል መሃል የሚመጣውን ይይዝልሃል፣ ግን ወደ መሬት የሚጥለው ትርፍ መውጫ የለውም። ብዙ ቤት ሶኬቱ የግራውንድ ቆርቆሮዎቹ አሉት፣ ከጀርባ ስትፈታው ሽቦ የለም! የቴክኒሽያን ነገር ደሞ አንዳንዱ ከውሃ ቧንቧ ጋ አስሮልህ ይሄዳል፣ ይሄ አደገኛ ነው፣ ቧንቧው መሃል ላይ ፕላስቲክ ከሆነ ግራውንድ አይሆንህም፣ ችግር ሲፈጠር ደግሞ ሻወር የሚወስደውን ሰው ነው የሚይዘው። በሥርዓቱ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብር፣ ባለሙያው በኧርዝ ቴስተር ይለካው፣ ከ10 ኦም በታች ቢሆን ጥሩ ነው። በተራ መልቲሜትር በፌዝና በግራውንድ መሃል 220 አሳየ ማለት ሽቦው የሆነ ቦታ ተነካክቷል ማለት እንጂ ግራውንዱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ግቢያችን ውስጥ የኔ ፒሲና የጎረቤት ቲቪ አንድ ላይ ተቃጠለ፣ አምፖሉ መጀመሪያ በጣም ደምቆ ነበር። ምንድነው?

ይሄን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ መብረቅ መብረቅ ይላል እንጂ እኛ ጋ የሚመጣው ብዙው እንደዚህ ያለው ነው። ኒውትራል የተበጠሰ ይመስላል። ግቢው ስሪ ፌዝ (ሦስት የፌዝ ሽቦ) ከገባለት በሁለት ፌዝ መሃል 380 ቮልት አለ፣ በአንዱ ፌዝና በኒውትራል መሃል ደግሞ 220። ኒውትራሉ ፖሉ ላይ ወይ ቆጣሪው ጋ ሲላላ ቤቶቹ 380ውን እየተካፈሉት ይቀራሉ፣ እኩል ግን አይካፈሉም፣ ምጣድ ጥዶ እንጀራ የሚጋግረው ቤት ቮልቴጁ ይወርድበታል፣ አንድ አምፖልና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያበራው ላይ 300 ምናምን ይወጣበታል። ስለዚህ አንዱ ቤት ሲደምቅ ሌላው ከደበዘዘ ሳታመነታ ዋናውን ብሬከር አጥፋና ጎረቤትም አስጠፋ፣ ከዛ መብራት ኃይል ጥራ። እዚህ ላይ ሰርጅ ፕሮቴክተሩም አያድንህም፣ ለደቂቃዎች የሚቆይ ነገር ስለሆነ ራሱ ይቃጠላል። የሚያድንህ ብሬከሩ አጠገብ የሚገጠም የኦቨርና አንደር ቮልቴጅ መቁረጫ ነው፣ ከልክ ሲያልፍ ይቆርጣል፣ ሲስተካከል ቆይቶ ይመልሳል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ግዛ ብባል ይሄን ነው የምለው።

ማብሪያ ማጥፊያውን ካጠፋሁ በቂ ነው?

ለመብረቅ አይደለም። ከደመና እስከ መሬት የተጓዘ ነገር ማብሪያ ውስጥ ያለችውን ሚሊሜትር ክፍተት መዝለል አያቅተውም። ይነቀል። ብዙ ሰው የሚረሳው ደሞ ሌላውን ገመድ ነው፦ ኢንተርኔቱ በመዳብ የስልክ መስመር ከሆነ በሞደም አልፎ በላን ኬብሉ ማዘርቦርድ ድረስ ይደርሳል፣ ጣራ ላይ ያለው ዲሽም በሪሲቨርና በኤችዲኤምአይ ይመጣል። ፋይበር ሲሆን ራሱ መስታወቱ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፣ የራውተሩ አዳፕተር ግን ሶኬት ላይ ነውና እሱን ንቀይ። በዋይፋይ ብትጠቀሚ ቢያንስ ከፒሲው ጋ የሚያገናኝ ሽቦ አይኖርም።

መቼ ነው ልነቅል የሚገባው?

ብልጭ ካለ በኋላ ቁጠር፣ 3 ሰከንድ በግምት 1 ኪሎሜትር ነው። 30 ከመሙላቱ በፊት ካጉረመረመ 10 ኪሎሜትር ውስጥ ነው፣ ቀጣዩ ያንተ ሰፈር ሊሆን ይችላል። ደመናው ሲጠቁር መንቀል ነው ጥሩው፣ አናትህ ላይ እያስገመገመ ገመድ ለመንቀል እንዳትሄድ፣ ኮምፒውተር ይተካል።

ዩፒኤስ ልግዛ?

አዎ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪው ያቆይሻል፣ ግን ዓይነቱን ጠይቂ። ርካሹ ኦፍላይን የሚባለው መብራት እያለ የመጣውን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው። ላይን ኢንተራክቲቭ ቮልቴጅ ያስተካክላል፣ ለቤት ይበቃል። ባትሪው እየደከመ ይሄዳል፣ እንደኛ መብራት ቶሎ ቶሎ ሲሄድ ደሞ ይባስ፣ ስለዚህ አልፎ አልፎ ከሶኬቱ ነቅለሽ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ እዪው። ሌዘር ፕሪንተር እሱ ላይ አትሰኪ።

ላፕቶፕ ነው ያለኝ፣ እኔንም ይመለከተኛል?

ቻርጀሩን ንቀልና በባትሪ ሥራ፣ ከሁላችንም አንተ ትሻላለህ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተህ ሰካ፣ መጥቶ ወዲያው ተመልሶ የሚሄድበት ጊዜ አለና። ፎቶና የትምህርት ፋይልህን ደሞ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጠህ ከኮምፒውተሩ ነቅለህ አስቀምጥ፣ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ አብሮ ነው የሚቃጠለው።