ጥርስሽን ያመመሽ ብርዱ አይደለም

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ እንደሆንሽ፣ የታችኛው የግራ መንጋጋሽ ከታመመ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው፣ ቀን ሻል ብሎሽ ማታ ስትተኚ እንደሚያስለቅስሽ ጽፈሻል። ቤተሰብ ሁሉ «ብርድ መቶሽ ነው፣ ያልፋል» ይልሻል። ልሂድ ወይስ ልታገስ ነው ያልሽው። ሂጂ። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ለምን እንዲህ እንደምል ከራሴ ልጀምር።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። የዛሬ አራት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ማታ ከቤተሰብ ጋር የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ነበር። አንዷ ፍሬ ሳትፈነዳ ቀርታ ኖሮ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። በምላሴ ዳሰስኩት፤ የተሸረፈ ነገር የለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጠንከር ያለ ነገር ነክሼ ልክ ስለቅ ጠቅ ያደርገኛል። ስነክስ ሳይሆን ስለቅ ነው። ጠዋት በቧንቧ ውሃ ስጉመጠመጥ ሕመሙ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። እኔም «የኅዳር ውርጭ ነው» ብዬ ጉንጬን በሻርፕ ጠቅልዬ ሰነበትኩ።

ያገራችን ብርድ ከባድ ነው፤ ጥርስ ግን አያበላሽም። የታመመውን ይቀሰቅሰዋል እንጂ። ጥርስ ውስጡ ነርቭና ደም ሥር አለው፤ ላዩ ጠንካራ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲቦረቦር ወይም ሲሰነጠቅ፣ አለዚያም ድድ ሸሽቶ ሥሩ ሲገለጥ፣ ቅዝቃዜው ነርቩ ጋ ይደርሳል። «ብርድ መታኝ» የምንለው ሕመም ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ኋላ ላይ ያከመችኝ ሐኪም አንድ መለያ ነገረችኝ። ቀዝቃዛ ውሃ ነክቶሽ በጥቂት ሰከንድ የሚተውሽ ከሆነ ነርቩ ተቆጥቷል እንጂ አልሞተም፤ ብዙ ጊዜ ጥርሱ ተሞልቶ ይድናል። ውሃው ካለፈ በኋላ ሕመሙ የሚቆይ፣ በትኩስ ሻይ የሚብስ፣ ማንም ሳይነካው ራሱ የሚነሳ ከሆነ ግን ነርቩ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። ጋደም ስንል ወደ ጭንቅላት የሚሄደው የደም ግፊት ይጨምራል። እጅ ቢያብጥ ቆዳው ይለጠጣል፤ ጥርስ ውስጥ ያበጠ ነርቭ ግን መፈናፈኛ የለውም። ማታ የሚያስለቅስሽ ይሄ ይመስለኛል። ለዚህ ነው አትጠብቂ የምልሽ።

የኔ ጥርስ በሦስተኛው ሳምንት ሕመሙ ጥፍት አለ። ተመስገን ብዬ ረሳሁት። ለካ ነርቩ ሞቶ ነው። ለጥምቀት ሽር ጉድ እያልን ሳለ አንድ ቀን ጠዋት ጉንጬ ተነፍቶ፣ አፌ መራራ መግል እየቀመሰ ተነሳሁ። ሐኪሟ በመስታወቷ እጀታ ጥርሶቼን አንድ በአንድ መታ መታ አደረገች። ያቺኛዋ ጋ ስትደርስ ከወንበሩ ተነሳሁ። ራጁ ላይ ከሥሩ ጫፍ የጠቆረ ክብ አሳየችኝ፤ አጥንቱ እዚያ ተበልቷል። ስንጥቁ ሥሩ ድረስ ወርዶ ስለነበር ተነቀለ። ቶሎ ብመጣ ኖሮ ሰው ሠራሽ ሽፋን ተደርጎለት መትረፍ ይችል ነበር አለችኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ሌላም መንስኤ አለ። በሁለት ጥርስ መሀል ሥጋ ተሰክቶ ድዱን ሲያሳብጠው ጥርስ የታመመ ይመስላል፤ በጥርስ ክር ሲወጣ ይለቃል። ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ከሁሉም ኋላ የሚወጣው መንጋጋ ግማሹ ድድ ውስጥ ቀርቶ ሊመረቅዝ ይችላል። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች አንድ ላይ ሲያሙና ጎንበስ ሲባል ሲብስ ሳይነስ (በአፍንጫ ዙሪያ ያሉት የፊት አጥንት ክፍተቶች መታመም) ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ ሕመም ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ልብ ሊሆን ስለሚችል የጥርስ ሐኪም ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው።

እስክትሄጂ ድረስ ለብ ባለ የጨው ውሃ ተጉመጥመጪ። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ እንዳታስበልጪ። አይቡፕሮፌን ለጥርስ ይረዳል፤ ግን በባዶ ሆድ አይወሰድም። ጾም ላይ ከሆንሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበዪ እሱን መዋጥ ጨጓራሽን ይጎዳዋል። ጨጓራ ወይም ኩላሊት ካመመሽ፣ ነፍሰ ጡርም ከሆንሽ፣ እሱን ተዪው። ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥና አረቄ አፍ ውስጥ መያዝ ግን ድዱን ያቃጥለዋል።

የእምቧይ ጭስ ታጠኚ፣ ትሉ ይወጣል የሚልሽም አይጠፋም። እናቴም ለኔ አስባ ነበር። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ቀዳዳውን የሚሠራው አፍ ውስጥ ያሉ ጀርሞች ከስኳር የሚያመነጩት አሲድ ነው። ጎረቤት የተረፈውን አሞክሲሲሊን፣ ማለትም ጀርም ገዳዩን መድኃኒት፣ ቢሰጥሽም አትውሰጂ። እብጠቱን ለጥቂት ቀን ቢያበርደው እንኳ የታመመው ነርቭ እዚያው ስለሚቀር ይመለሳል።

አሁን የምጽፈውን ግን ቤት ላሉት ሁሉ አንብቢላቸው። እብጠቱ ወደ ዓይንሽ ከወጣ፣ ወደ አገጭሽ ሥር ወይም ወደ አንገትሽ ከወረደ፣ አፍሽ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካቃተሽ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ፣ የጠዋቱን መኪና አትጠብቂ። በዚያው ሌሊት ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂጂ። የጥርስ መግል አንገት ውስጥ ገብቶ የመተንፈሻ ቧንቧ ይዘጋል፤ ሰው ይገድላል።

ደብረ ብርሃን ከመምጣትሽ በፊት ክሊኒኩ ጋ ደውለሽ ራጅ እንዳላቸው፣ ነርቭ እንደሚያክሙ፣ ማለትም የታመመውን ነርቭ አውጥተው ጥርሱን እንደሚያተርፉ፣ ወይስ የሚነቅሉ ብቻ እንደሆነ ጠይቂ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ሊተርፍ የሚችል ጥርስ ተነቅሎ እንዳትመለሺ። ቁርስ በልተሽ ነይ። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ፣ ነፍሰ ጡርም ከሆንሽ፣ የማደንዘዣውን መርፌ ከመወጋትሽ በፊት ንገሪያቸው።

የነርቭ ሕክምና ከጀመሩልሽ በአንድ ቀን ላያልቅ ስለሚችል ስንት ቀጠሮ እንደሚፈልግ ቀድመሽ ጠይቂ፤ የምታድሪበትንም አስቢ። በመጀመሪያው ቀን ነርቩ ሲወጣ ሕመሙ ወዲያው ሊለቅሽ ይችላል። የሚያስቀምጡልሽ ሙሌት ግን ጊዜያዊ ነው፤ ከቆየ ይሸረፍና ጀርም መልሶ ይገባል። ሕመሙ ተወኝ ብለሽ ሁለተኛውን ቀጠሮ እንዳትቀሪ።