ለእኩል ሥራ ያነሰ ደመወዝ

ጥያቄ፦ ለስድስት ዓመታት በሒሳብ ሠራተኝነት አገልግያለሁ። ከእኔ በኋላ ተቀጥሮ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ወንድ ባልደረባዬ የበለጠ እንደሚከፈለው አወቅሁ። ምክንያቱን ስጠይቅ አለቃዬ «አንቺ ነገ ትወልጃለሽ» አሉኝ። በሕግ ምን ማድረግ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተሰጠዎት መልስ እጅግ የሚያሳዝን ቢሆንም፣ ልዩነቱ ከጾታዎ ጋር የተያያዘ መሆኑን ስለሚጠቁም ጠቃሚ ማስረጃ ነው፤ ስለዚህ የተነገረበትን ቀንና ቦታ፣ የሰማ ሰው ካለም ስሙን፣ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ያስፍሩ። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 100 ወንዶችና ሴቶች እኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ እንዲያገኙ ይደነግጋል። «እኩል ዋጋ ያለው» መባሉን ልብ ይበሉ፤ አሠሪዎ ነገ የሥራ መደባችሁ መጠሪያ ይለያያል ብለው ቢከራከሩ እንኳ፣ ሥራዎቹ የሚጠይቁት ችሎታ፣ ጥረትና ኃላፊነት ከተመጣጠነ ንጽጽሩ አይፈርስም። የ1958ቱ ስምምነት ቁጥር 111 ደግሞ በቅጥርና በሥራ ላይ የሚፈጸምን የጾታ መድልዎ ይመለከታል።

አስቀድመው ቅሬታዎን ለድርጅቱ በጽሑፍ አቅርበው መድረሱን የሚያሳይ ቅጂ ይያዙ። ምላሽ ካጡ በሠራተኛ ማኅበርዎ፣ በሥራ ሁኔታ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ወይም በፍርድ ቤት በኩል መብትዎን መጠየቅ ይችላሉ። የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም መብትዎን በሕግ መጠየቅ የሚችሉበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ሊሆን ስለሚችል የሕግ ባለሙያ ፈጥነው ያማክሩ፤ ከዚያ በፊት ግን፣ አደራ፣ የሥራ መልቀቂያ አያስገቡ።