መጽሐፉን ያዢው፤ ግን በዋዜማው አንብቢው

እህቴ፣ «መስከረም ላይ ከፈረንሳይ ድንበር ተነስቼ ስፔን ውስጥ እስካለችው የቅዱስ ያዕቆብ መሳለሚያ፣ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ድረስ በእግሬ ልሄድ ነው። የመንገዱን የአብያተ ክርስቲያናትና የባህል ታሪክ የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ሰው ሰጥቶኛል፤ ልሸከመው ወይስ ቤት ልተወው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከኔ በፊት የመለሱልሽ ሁሉ «ክብደት ነው፣ ተዪው፣ ሁሉም ስልክሽ ላይ አለ» ብለውሻል። እኔ መንገዱን ሁለት ጊዜ ሄጄዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ያው አንድ መጽሐፍ አብሮኝ ነበር። የመጀመሪያውን ጊዜ አላወቅሁበትም፤ በሁለተኛው አወቅሁበት። መልሴ ያዢው ነው። አያያዙን ግን ላስረዳሽ።

በመጀመሪያው ጉዞዬ መጽሐፉን የማነበው ማታ ማታ፣ ቀን ያለፍኩበትን ለማወቅ ነበር። መጀመሪያ በዓይኔ ልይ፣ ከዚያ ያብራራልኝ ብዬ ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳን ሁዋን ደ ኦርቴጋ ደረስኩ፤ ቡርጎስ ለመግባት አንድ ቀን ሲቀር ጫካ መሃል የምትገኝ ትንሽ የገዳም መንደር ናት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ውሃ ጠጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ካልሲ ቀየርኩ፣ ውስጡን ዞር ዞር ብዬ አየሁና ወጣሁ። አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ሄጄ አሄስ በምትባል መንደር አደርኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ መጽሐፉን ስገልጥ እንዲህ ይላል፦ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንድ የዓምድ ራስ ላይ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስራት ተቀርጿል፤ ሌሊትና ቀን እኩል በሚሆኑባቸው የዓመቱ ሁለት ወቅቶች ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ብርሃኗ በምዕራቡ መስኮት ገብቶ ያንን የዓምድ ራስ ብቻ ያበራዋል። ቀኑን ቆጠርኩ። ሴፕቴምበር 22 ነበር። ፀሐይ ገብታ ነበር፤ እግሬም ውሃ ቋጥሮ ነበር። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ በኋላ የነገውን ዛሬ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ይኸው ነው ዋናው ነገር። አራትና አምስት ገጽ ብቻ አንብቢ፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት ነገር መርጠሽ በእርሳስ አክብቢ፤ ጠዋት መጽሐፉን ቦርሳሽ ውስጥ ዝጊበት። እየሄድሽ አታንብቢ። መጽሐፉ በገጽ ሃያ ነገር ይደረድራል፤ ሁሉን ላይ ብለሽ ከተነሳሽ ከሰዓት በኋላ እግርሽ ዝሎ፣ ዓይንሽም ጠግቦ አንዱንም ሳታዪ ትገቢያለሽ። እኔ ኤስቴያ ከተማ ላይ የሆንኩት እንደዚያ ነው፤ ስድስት ቤተ ክርስቲያን ምልክት አድርጌ አሁን የማስታውሰው አንዱን ብቻ ነው፣ ሳን ፔድሮን። እሱንም የማስታውሰው ከአራቱ የግቢው ባለ ዓምድ መተላለፊያዎች ሁለቱ ብቻ ስለቀሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1572 ከበላዩ የነበረው ምሽግ በባሩድ ሲፈርስ ፍርስራሹ ወርዶ ሁለቱን አጠፋቸው። ባዶውን ቦታ ቆሜ ሳይ ጊዜ ወስጄ ነበር፤ ለሌሎቹ ግን ጊዜ አልተረፈኝም።

አሁን መጽሐፉ ለኛ፣ ለኢትዮጵያውያን፣ ለብቻው የሚሰጠውን ነገር ልንገርሽ። ይህን ሌላ ሰው አይነግርሽም፤ መጽሐፉም ራሱ አይነግርሽም፤ አንቺው ነሽ የምታገናኚው።

ከቡርጎስ ሁለት ቀን ያህል ስትሄጂ፣ ካስትሮኼሪስ ልትደርሺ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር፣ መንገዱ በአንድ የፈረሰ ገዳም ትላልቅ ቅስቶች ሥር ያልፋል። ሳን አንቶን ይባላል። ብዙ ሰው ፎቶ አንስቶ ያልፋል። አንቶን ማለት አባ እንጦንስ ናቸው፤ የግብፁ፣ የመነኮሳት ሁሉ አባት፣ የኛው አባ እንጦንስ። በስማቸው በአሥራ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ ውስጥ የተመሠረተ ማኅበር «የቅዱስ አንቶን እሳት» የሚባል በሽታ ለያዛቸው ሰዎች ሆስፒታል ይሠራ ነበር። የበሽታው መነሻ ራይ በሚባለው እህል ላይ የሚበቅል ጥቁር ፈንገስ ነው፤ የተበከለ ዳቦ የበላ ሰው እጅና እግሩ እንደ እሳት ያቃጥለዋል፣ ይጠቁራል፣ ጣቱ ይወልቃል። ተሳላሚዎቹ ወደዚህ ገዳም መጥተው ንጹሕ እንጀራቸውን ሲበሉ ይሻላቸው ነበር። በቅስቱ ሥር ግድግዳው ላይ ሁለት የተቦረቦሩ ጉርጓዶች አሉ፤ በር ከተዘጋ በኋላ ለሚደርስ መንገደኛ ምግብ የሚቀመጥባቸው ናቸው።

ይህን ሳነብ የመታኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ እናቴ ጣታቸው ወልቆ ስለቀረ ሰዎች ስታወራ እርግማን መስሎኝ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ወሎ ላይ የተነሳው በሽታ ይኸው ነበር፤ ከገብስ ማሳ መሃል የሚበቅለው ሲናር ያንኑ ፈንገስ ይዞ ነው። ሐኪሞች መዝግበውታል። ስምንት መቶ ዓመት ያለፈው የካስቲያ (የዚህ የስፔን ግዛት) መንገደኛና የእናቴ ጎረቤት በአንድ ሕመም ተሠቃይተዋል። እዚያ ጉርጓድ ውስጥ እኔም ከያዝኩት ዳቦ ግማሹን አስቀምጬ አለፍኩ። ማን እንዳነሳው እንጃ።

ከዚያ ሁለት ቀን ቆይተሽ ቪያልካሳር ደ ሲርጋ ትደርሻለሽ፤ ከፍሮሚስታ ወደ ካሪዮን በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። መንደሯ ትንሽ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ግን እንደ ተራራ። የእመቤታችን ናት። በአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የካስቲያው ንጉሥ አልፎንሶ አሥረኛ የእመቤታችንን ተአምራት ከአራት መቶ በላይ በሚሆኑ መዝሙሮች አሰባስቦ አስጽፏል፤ ከነዚህ ከአሥር በላይ የሆኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ስለተፈጸሙ ተአምራት ናቸው። መጽሐፌ ስለ መዝሙሮቹ ሲያብራራ እግረ መንገዱን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ስለ ቶሌዶው ሊቀ ጳጳስ ስለ ኢልዴፎንሶ እንደሆነ ይጠቅሳል፦ ስለ እመቤታችን መጽሐፍ ጻፈ፣ እሷም ተገልጣ የክብር ልብስ ሰጠችው፣ ከሱ በኋላ የተሾመው ደፍሮ ቢለብሰው ተቀጣ።

እስቲ አንቺ ይህን የት ነው የሰማሽው? በየቤተ ክርስቲያናችን ተአምረ ማርያም ሲነበብ! «ደቅስዮስ የሚባል የጥልጥልያ ሀገር ኤጲስ ቆጶስ ነበር» የሚለው ነው። ጥልጥልያ ማለት ቶሌዶ ናት፤ በዐረብኛ ጡለይጡላ ይሏታል፣ መጽሐፉም ወደ ግዕዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ነው። ደቅስዮስ ኢልዴፎንሶ ነው። ቀኑ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። የብሥራት በዓል መጋቢት 29 ቀን ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ደቅስዮስ ወደ ታኅሣሥ 22 አዛወረው ይባላል አይደል? እ.ኤ.አ. በ656 ቶሌዶ ላይ የተሰበሰበ ጉባኤ በዚሁ ምክንያት በዓሉን ወደ ዲሴምበር 18 አዛውሯል፤ ከልደት ሳምንት ቀድሞ ማለት ነው። እኛም ልደትን ታኅሣሥ 29 እናከብራለን፤ ሳምንት ቀንሺ፣ 22 ይመጣል። ያው ቀን ነው። ስንት ባሕርና ስንት ቋንቋ አቋርጦ ቀኑ እንኳ አልተዛነፈም።

እዚያች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። የሰው አገር፣ የሰው ሃይማኖታዊ ሥርዓት ውስጥ እየሄድኩ ነው ብዬ አስብ ነበር። ያለ መጽሐፉ ይህን በር አልፌው እሄድ ነበር።

እንዲህ ስልሽ መጽሐፉ ሁልጊዜ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ስለ ሰዓት የሚለውን አትመኚው። የስፔን አብያተ ክርስቲያናት ከቀኑ ስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት (በኛ አቆጣጠር) አብዛኞቹ ዝግ ናቸው፤ ትንንሾቹ ጭራሽ ከቅዳሴ ሰዓት ውጭ አይከፈቱም። ቁልፉ ጎረቤት ያለች አንዲት እናት ዘንድ ይሆናል፤ በትሕትና ጠይቂ፣ ብዙ ጊዜ ይዘውሽ ሄደው ይከፍቱልሻል፣ ሲከፍቱም ከመጽሐፉ የበለጠ ይነግሩሻል። ጸሐፊም ሰው ነው፤ የሚወደውና የሚጠላው አለው። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የመጀመሪያው የዚህ መንገድ መምሪያ ራሱ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ስለሚያልፍበት የስፔን ግዛት፣ ስለ ናቫር ሰዎች የሚያወርደው ስድብ አይጣል ነው፤ በሳላዶ ወንዝ ዳር ቢላዋ እየሳሉ የሚጠብቁ፣ ውሃውን ጠጥቶ የሞተ ፈረስ የሚገፍፉ አድርጎ ጽፏቸዋል። እኔን ግን ናቫር ውስጥ ያገኙኝ ሁሉ በደግነት ነው የሸኙኝ።

አንድ ቦታ ደግሞ መጽሐፉ ግድ ያስፈልግሻል። ሎግሮኞ ላይ የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን በር አናት ላይ ሐዋርያው በፈረስ ሆኖ፣ ሰይፍ መዞ፣ ሙስሊሞችን ሲረግጥ ተቀርጿል። የዚያን ቀን አብሮኝ የሚሄደው ወላጆቹ ከሞሮኮ የመጡ ፈረንሳዊ ወጣት ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን። እኛ የምናውቀው ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሚያዝያ 17 የምንዘክረው ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው እንጂ በሰይፍ የገደለ አይደለም። መጽሐፉን አውጥቼ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፦ ምስሉ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ844 ክላቪሆ ላይ ተደረገ ከሚባል ጦርነት ነው፣ ታሪክ ተመራማሪዎችም ያ ጦርነት አልተደረገም ይላሉ። ወጣቱ «እንግዲያው እሱም ስሙ ጠፍቶበታል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቡርጎስ ድረስ ማታ ማታ «ዛሬስ ምን ይላል?» እያለ እሱ ነበር የሚያስነብበኝ። አልቤርጌ (የተሳላሚ ማደሪያ) ውስጥ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ እራት እያበሰሉ የሚያዳምጡሽ አታጪም።

የቀሩትን በአጭሩ፦ ፍሮሚስታ ላይ የሳን ማርቲንን ጣሪያ ዙሪያ ቀና ብለሽ እዪ፣ ከሦስት መቶ በላይ የተቀረጹ የእንስሳትና የሰው ራሶች አሉ። ሌኦን ላይ በሳን ኢሲዶሮ ቤተ ክርስቲያን የነገሥታት መቃብር ውስጥ፣ ቅስቱ ላይ የአሥራ ሁለቱ ወራት የገበሬ ሥራ ተሥሏል፤ አጨዳውን፣ አሳማ ማረዱን፣ እሳት መሞቁን። ኦ ሴብሬሮ ተራራ ላይ የሣር ክዳን ያላቸው ክብ የድንጋይ ቤቶች ታገኛለሽ፣ ላስታ የደረስሽ ይመስልሻል፤ እዚያ መቃብሩ ያለው ቄስ ኤልያስ ባሊንያ ነው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዛሬ የምንከተለውን ቢጫ ቀስት መቀባት የጀመረው። ፖርቶማሪን ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግድብ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅሎ ኮረብታው ላይ እንደገና የተሠራ ነው፤ ቁጥሮቹን ድንጋዮቹ ላይ ፈልጊ።

ስለ ክብደቱ፦ በምላጭ ሦስት ቦታ ከፈልኩት። መጽሐፍ መቅደድ ሆዴን አባባው፤ ግን አደረግሁት፣ ኋላም አስጠረዝኩት። አንዱን ያዝኩ፣ ሁለተኛውን ቡርጎስ፣ ሦስተኛውን ሌኦን ፖስታ ቤት በስሜ እንዲቆይልኝ ላክሁ፤ ፓስፖርት አሳይቼ ተረከብኩ። ያነበብኩትን ደግሞ ከዚያው ወደ ቤት መለስኩ። መቅደድ ካልሆነልሽ ገጾቹን በስልክ አንሺያቸው፤ ግን ባዶ ኅዳግ ያለው ወረቀት ይሻላል፣ «ይህ ደቅስዮስ ነው» ብለሽ የምትጽፊበት።

የመነሻሽን ቀን ገና አልወሰንሽም ብለሻል። ከፈረንሳዩ መነሻ ከሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር በእንቁጣጣሽ ማለዳ ከተነሳሽና እንደ ብዙው ሰው በቀን ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ከሄድሽ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳን ሁዋን ደ ኦርቴጋ ትደርሻለሽ። መስከረም 12 ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 22 ነው። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ በሚያዝያ ስለሄድኩ ብርሃኑን እስከ ዛሬ አላየሁትም። አሄስ ድረስ አትግፊ፤ እዚያው እደሪ። ከምሽቱ በፊት ግቢና በስተግራ ካለው የዓምድ ራስ ፊት ቁሚ። ደመና ካልሆነ መጀመሪያ መልአኩን፣ ቀጥሎ እሷን፣ ቀስ ብሎም ልደቱን ያበራል ይላሉ፤ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ካየሽው እባክሽ ጻፊልኝ።