የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጠብ፣ ክርክርና አለመግባባት በእንግሊዝኛ

ጥያቄ፦ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር በአንድ ዕቅድ ላይ ሐሳባችን ተለያየ። ጠብ አልነበረም፤ በጨዋ ደንብ ተነጋግረን ተለያየን። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ኃላፊያችን በላክሁት ኢሜይል ግን «ዊ ሃድ አን አርጊውመንት» ብዬ ስጽፍ ኃላፊያችን ሊያስታርቀን ጠራን። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ የጻፉት «ተጨቃጨቅን» ብለው ነው። አርጊውመንት ሁለት መልክ አለው፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀውም ከፊቱ በሚመጣው ግስ ነው። «ሃቭ አን አርጊውመንት» ሲባል ቁጣ የገባበት፣ ድምፅ ከፍ ያለበት ጭቅጭቅ ነው። «ሜክ አን አርጊውመንት» ሲባል ምክንያት ደርድሮ ማስረዳት ነው፤ ቁጣ የለበትም። ግስ ሲሆንም እንዲሁ ከኋላው የሚከተለውን ቃል ማየት ያስፈልጋል። «ሺ አርጊውድ ዛት ዘ ፕላን ዋዝ ቱ ኤክስፔንሲቭ» ማለት ዕቅዱ ውድ መሆኑን በማስረጃ ተሟገተች ማለት ነው፤ እንዲያውም ያስመሰግናታል። «ሺ አርጊውድ ዊዝ ዘ ማናጀር» ከተባለ ግን ከኃላፊው ጋር ቃል ተመላልሳለች። «አርጊው ፎር» ደግፎ፣ «አርጊው አጌንስት» ተቃውሞ መከራከር ነው።

ቅጽሉ ላይ ደግሞ ወጥመድ አለ። «አርጊውመንታቲቭ» የተባለው ድርሰት ከሆነ አንድን አቋም በማስረጃ የሚደግፍ ጽሑፍ ነው፤ ሰው ከሆነ ነገረኛ ተብሏል። ስለዚህ ጥሩ ተከራካሪ መሆንዎን ለመግለጽ ብለው ይህን ቃል በሥራ ማመልከቻ ላይ እንዳያሰፍሩት።

ለእርስዎ ጉዳይ የሚስማማው «ዊ ዲስአግሪድ አባውት ዘ ፕላን» ነው። ዲስአግሪ የሐሳብ መለያየትን ብቻ ይናገራል፤ ሙቀቱን አይናገርም። ልዩነቱ ከባድ ከነበረ «ስትሮንግሊ» ይጨመርበታል። ከሰው ወይም ከሐሳብ ጋር ሲሆን «ዊዝ»፣ ከጉዳይ ጋር ሲሆን «አባውት»፣ «ኦን» ወይም «ኦቨር» ይከተለዋል። ዲስአግሪ ራሱ ግስ ስለሆነ «አይ አም ዲስአግሪ» ስሕተት ነው፤ «አይ ዲስአግሪ» ብቻ ይበቃል። «አልሄድም አለ» ለማለትም «ሂ ዲስአግሪድ ቱ ጎ» አይባልም፤ የእምቢታ ቃል «ሪፊውዝ» ነው። አንድ ሰው «ኤግስ ዲስአግሪ ዊዝ ሚ» ካለዎት ደግሞ እንቁላል አይስማማኝም፣ ያመኛል ማለቱ ነው።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ዲስፒውት እና ኮንፍሊክት የሚሉትን አንዱን በሌላው ቦታ ስጠቀም መምህራችን ያርሙኛል። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ መምህርዎ ትክክል ናቸው፤ በሕግ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ቃላት ማቀያየር ትርጉም ያበላሻል። ዲስፒውት እንዲኖር ተለይቶ የሚታወቅ ነገር ያስፈልጋል፦ የመሬት ወሰን፣ የውል አንቀጽ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የውርስ ድርሻ። አንዱ ወገን «ይገባኛል» ይላል፣ ሌላው «አይገባህም» ይላል፤ በመሐላቸውም ሊወሰን የሚችል ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር አንቀጽ 33 የሚጠቀመው ይህን ቃል ነው። ባለጉዳዮቹ መጀመሪያ በድርድር፣ በሽምግልና፣ በግልግል ዳኝነት፣ በፍርድ ቤትና በመሳሰሉት ሰላማዊ መንገዶች መፍትሔ እንዲፈልጉ ያዛል። ዳኛ ወይም ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሊፈታው የሚችለው ነገር ዲስፒውት ነው።

ኮንፍሊክት ከዚህ የሰፋ ነው። በጦርነት ጊዜ ሰዎች እንዴት እንደሚያዙ የሚደነግጉት፣ እ.ኤ.አ. የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 2 የታወጀ ጦርነትን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ሌላ «አርምድ ኮንፍሊክት»፣ ማለትም የትጥቅ ግጭት፣ በሥሩ ያስገባል። ቃሉ የተመረጠው «ጦርነት አላወጅንም» የሚል ማምለጫ እንዳይኖር ነው፤ ውጊያው መኖሩ ይበቃል። በሪፖርትዎ ውስጥ ሁለት አገሮች በወሰን ጉዳይ እየተደራደሩ ከሆነ «ቦርደር ዲስፒውት» ይበሉ። «ቦርደር ኮንፍሊክት» ያሉ እንደሆነ አንባቢው ጥይት የተተኮሰ ይመስለዋል።

ይሁን እንጂ ኮንፍሊክት ሁልጊዜ ደም የሚሸት ቃል አይደለም። ሁለት ነገሮች አብረው መቆም ሲያቅታቸውም ይነገራል። ሁለት ስብሰባዎች በአንድ ሰዓት ቢያዙ፣ ሁለት ምስክሮች የሰጡት ቃል ቢጣረስ ኮንፍሊክት ነው፤ ምስክሮቹ ተያይተው እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። «ኮንፍሊክት ኦቭ ኢንተረስት» የሚባለው የጥቅም ግጭትም ባላንጣ አያስፈልገውም፤ በአንድ ሰው ኃላፊነትና የግል ጥቅም መካከል የሚነሣ ነው።

ስለ ሰዋስዉ ሁለት ነገር እንጨምር። ዲስፒውት ግስ ሲሆን የሚከራከሩበትን ነገር በቀጥታ ይወስዳል። የማያውቁት ሒሳብ ቢመጣብዎ «አይ ዲስፒውት ዚስ ቢል» ይላሉ፤ «አይ ዲስፒውት ዊዝ ዘ ባንክ» ግን እንግዳ አነጋገር ነው። ባንኩን መጥቀስ ከፈለጉ «አይ ሃቭ አ ዲስፒውት ዊዝ ዘ ባንክ» ብለው ቃሉን እንደ ስም ይጠቀሙበት። ኮንፍሊክት ደግሞ ስም ሲሆን ጎላ ተደርጎ የሚነገረው የመጀመሪያው ክፍል «ኮን» ነው፤ ግስ ሲሆን ሁለተኛው «ፍሊክት» ይጎላል።

ጥያቄ፦ አንድ አሜሪካዊ ጓደኛዬ ከባለቤቱ ጋር «ፋይት» እንደነበረው ነገረኝ። ደንግጬ ዝም አልኩ። ተደባድበው ነው?

መልስ፦ ምናልባት አይደለም። በተለይ በአሜሪካ አነጋገር ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት ወይም የልብ ጓደኞች «ሃድ አ ፋይት» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የቃል ጠብ ማለታቸው ነው። ዱላ ከነበረበት «ፊዚካል ፋይት» ወይም «ፊስትፋይት» ብለው ይለዩታል። እርግጠኛ ካልሆኑ ግን መጠየቅ ነውር የለውም። ስለ ማያውቋቸው ሰዎች በመንገድ ላይ ሲነገር ሚዛኑ ወደ ድብድብ ያጋድላል። ብዙ ሰው የገባበት፣ የሚያውክ ድብድብ «ብራውል»፣ አጭር መጓተትና መገፋፋት «ስካፍል» ይባላል። «አልተርኬሽን» የሪፖርት ቃል ነው። ለቃልም ለእጅም ስለሚነገር የተጻፈበትን ወረቀት ሲያነቡ ከፊቱ «ቨርባል» ወይም «ፊዚካል» የሚል መኖሩን ይመልከቱ።

ተርጓሚዎችን ሲያሳስት የኖረ ሌላ ነገርም አለ። «ዜይ ፎት ዊዝ ዘ ፍሬንች» ፈረንሳዮችን ወጉ ወይስ ከፈረንሳዮች ጎን ተሰለፉ? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። አማርኛው «ከእነሱ ጋር ተዋጉ» ራሱ ይህ ችግር ስላለበት በቀጥታ ከተተረጎመ ጭጋጉ እንዳለ ይሻገራል። ሲጽፉ ለጠላት «አጌንስት»፣ ለወዳጅ «አሎንግሳይድ» ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ጋዜጦች ርዕስ ላይ በሦስት ፊደላት፣ በአር፣ በኦ እና በደብልዩ የሚጻፈው ቃል «ረድፍ» ማለት አልነበረም?

መልስ፦ ጽሕፈታቸው አንድ ነው፣ ድምፃቸው ይለያያል። ረድፍ ሲሆን «ሮው»፣ የጦፈ ጠብ ወይም ውዝግብ ሲሆን «ራው» ተብሎ ይነበባል። ሁለተኛው የብሪታንያ ቃል ነው፤ አሜሪካውያን እምብዛም አይጠቀሙበትም። አጭር ስለሆነ ለጋዜጣ ርዕስ ይመቻል፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አይሆንም።

ጥያቄ፦ ቢከር፣ ስኳብል፣ ኳረል፣ ፎል አውት፣ ፊውድ። መዝገበ ቃላቴ ሁሉንም «መጣላት» ይላቸዋል።

መልስ፦ የሚለያቸው የጠቡ ምክንያት ክብደትና ጠቡ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ቢከር በጥቃቅን ነገር መነታረክ ነው። ማን በር እንዳልዘጋ፣ ማን መብራት እንዳላጠፋ እየተባለ ይቀጥላል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል፣ ግን ማንም ማንንም አይለይም። ስኳብልም ትንሽ ነው፤ በአንድ ነገር ላይ የሚነሣ የልጆች ዓይነት ሽሚያ ይመስላል፣ «ኦቨር» ይከተለዋል። ስለ ፖለቲከኞች የተጻፈ ጊዜ ጸሐፊው ጉዳያቸውን እንዳናናቀው ይወቁ።

ኳረል ከእነዚህ ይከብዳል፤ የግል ቅያሜ ያለበት ጠብ ነው። ዛሬ በንግግር ከመስማት በጽሑፍ ማግኘቱ ይቀልላል። ያለፈ ጊዜውን ብሪታንያውያን በሁለት «ኤል»፣ አሜሪካውያን በአንድ ይጽፉታል። «አይ ሃቭ ኖ ኳረል ዊዝ ዛት» የሚለውን ሲያነቡ ጠብን አያስቡ፤ «በዚያ ላይ ተቃውሞ የለኝም» ማለት ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚሻው ፎል አውት ነው፤ ምክንያቱም የሚናገረው ከጭቅጭቁ ይልቅ ስለ ውጤቱ ነው። «ዜይ ፌል አውት ኦቨር መኒ» ማለት በገንዘብ ተጣልተው ወዳጅነታቸው ሻከረ፣ ተኳረፉ ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት ተጨቃጭቀው ምሳ አብረው ለበሉ ሰዎች አይሆንም፤ ለእነሱ «ሃድ አን አርጊውመንት» ይበቃቸዋል። ለማያውቁት ሰውም አይነገርም፤ ለመኳረፍ አስቀድሞ መቀራረብ ያስፈልጋልና። ሲታረቁ «ሜድ አፕ» ይባላል። ፊውድ ግን ዓመታት የሚቆጥር ቂም ነው፤ በቤተሰቦች መካከል ሲሆን ከአባት ወደ ልጅ ሊወርድ ይችላል። ደም መቃባት የሚባለው ዓይነት ሲሆን «ብለድ ፊውድ» ይሉታል።

ጥያቄ፦ በስብሰባ ላይ ሳላስቀይም ለመቃወም ምን ልበል?

መልስ፦ «ዩ አር ሮንግ» ሰውየውን ስለሚነካ ይተውት። «አይ ሲ ዩር ፖይንት፣ በት…» ብለው ይጀምሩ፤ ከ«በት» በኋላ ግን ወዲያው ምክንያትዎን ያስከትሉ፣ አለዚያ ባዶ ጨዋነት ይሆናል። «አይ አም ኖት ሹር አይ አግሪ» በቃሉ ጥርጣሬ ቢመስልም ሰሚው ተቃውሞ መሆኑን ይረዳል። «ዊዝ ሪስፔክት» የሚለውን ግን ይጠንቀቁ፤ በብሪታንያውያን ዘንድ ብዙ ጊዜ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ሊከተል ሲል የሚነገር ስለሆነ ለቀላል ልዩነት ይከብዳል። ጉዳዩ ወደፊት እንዲታይ ከፈለጉም «ሌትስ ዲስከስ ዚስ» ይበሉ፤ ዲስከስ ጉዳዩን በቀጥታ ስለሚወስድ «አባውት» አይገባበትም።