ፊደሉ አርመንኛ፣ ቋንቋው ሌላ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ አርመናዊ ነበሩ። አዲስ አበባ ኖረው እዚያው አረፉ። በ1967 ዓ.ም ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ ቤተሰቡ ተበታተነ፤ እኛ አሁን ሎስ አንጀለስ ነን። ከልጅነቴ ጀምሮ «አያታችሁ ከአርባ ልጆች አንዱ ናቸው» ሲባል ሰምቻለሁ። ከየት ከተማ እንደመጡና ወላጆቻቸው እነማን እንደነበሩ ግን የሚያውቅ የለም። የቀሩን ሁለት ፎቶዎች ናቸው። አንደኛው አዲስ አበባ የተነሱት ነው፤ ሪዛቸው ሞላ ብሎ ትልቋን አክስቴን ሕፃን ሳለች ታቅፈዋታል። እሷ በ1914 ዓ.ም አዲስ አበባ እንደተወለደች የክርስትና ወረቀቷ ያሳያል። ሁለተኛው ላይ የተቀመጠች ሴትና አጠገቧ የቆመ የ12 ዓመት ገደማ ልጅ አሉ። ማንነታቸውን አናውቅም። ከጀርባው ሦስት መስመር የአርመን ጽሑፍና 1327 የሚል ቁጥር አለ። አርመናዊ ጎረቤታችን «ፊደሉን አነበዋለሁ፣ ግን ምንም ትርጉም አይሰጠኝም» አሉን። ታናሿ አክስቴ 86 ዓመታቸው ነው። በጠየቅኳቸው ቁጥር «ተዪኝ ልጄ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ ከጎረቤትሽ ልጀምር። ሳያውቁት ትልቁን ፍንጭ የሰጡሽ እሳቸው ናቸው።

በኦቶማን (በድሮው የቱርክ) ግዛት ይኖሩ ከነበሩት አርመናውያን ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት ቱርክኛ ነበር። ሲጽፉት ግን በራሳቸው ፊደል ነው፤ ሜስሮፕ ማሽቶትስ እ.ኤ.አ. በ405 ገደማ በቀረጸላቸው ፊደል። በዚህ ዓይነት መጽሐፍም ጋዜጣም ታትሟል። እኛ አማርኛውን በላቲን ፊደል ቴክስት እንደምንደራረገው ማለት ነው። አማርኛ የማያውቅ ፈረንጅ ያንን ቴክስት ከዳር እስከ ዳር ያነበዋል፤ የሚገባው ነገር ግን የለም። ጎረቤትሽ የገጠማቸው ይሄው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሦስቱን መስመር ቀስ ብለው ጮክ ብለው ያንብቡልሽና በስልክሽ ቅጂው። ከዚያ ቱርክኛ ለሚችል ሰው አሰሚው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። አርመንኛ ምሥራቃዊና ምዕራባዊ የሚባል አነባበብ አለው። አንዱ «ፔትሮስ» የሚለውን ስም ሌላው «ቤድሮስ» ይለዋል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። የኦቶማን አርመኖች አነባበብ ምዕራባዊው ነው። ጎረቤትሽ ከየሬቫን ወይም ከኢራን የመጡ ከሆነ «በ»ው «ፐ»፣ «ደ»ው «ተ» እየሆነ ይገለባበጥና ቱርክኛ ተናጋሪውም ግራ ይጋባል። ከቤይሩት፣ ከሐለብ ወይም ከኢስታንቡል የመጣ ሰው ፈልጊ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ አይጠፋም።

ቁጥሩም የሚናገረው አለው። የዘመን ልዩነት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኦቶማኖች ሩሚ የሚባል የመንግሥት ካላንደር ነበራቸው። በእሱ ከሆነ 1327 ላይ 584 ስትደምሪ እ.ኤ.አ. 1911 ይመጣል። በሂጅራ ከሆነ ደግሞ 1909 ነው። የትኛውም ቢሆን ፎቶው እ.ኤ.አ. በ1915 በኦቶማን ግዛት በአርመናውያን ላይ ከደረሰው እልቂት በፊት የተነሳ ነው። ያኔ 12 ዓመት የሆነው ልጅ በ1914 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. በ1922 ገደማ) ከሃያ ሦስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሪዝ አሳድጎ የመጀመሪያ ልጁን የሚያቅፍበት ዕድሜ ነው። ልጁ አያትሽ ናቸው ብዬ አልምልልሽም። ግን ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጊና ጆሮአቸውን ተመልከቺ። ፊት በዕድሜ ይለወጣል፤ የጆሮ ቅርጽ ግን ያን ያህል አይለወጥም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ፤ ቤተሰቡ እንደሚወደው ስለገባኝ ነው የከበደኝ። አያትሽ ከአርባዎቹ አንዱ አልነበሩም። አርባ ልጆች የሚባሉት በ1916 ዓ.ም ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ያገኟቸው ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። የአርመን ፓትርያርክ መንበር ጥላ ሥር ሆነው የነሐስ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ራስ ተፈሪ ወደዷቸውና አዲስ አበባ አስመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። አያትሽ ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድመው አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ወልደዋል። የአርባዎቹ ታሪክ ስለገነነ አርመን ሁሉ በእነሱ በኩል የመጣ ይመስላል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የገቡ ብዙዎች ነበሩ። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ቤድሮስ ቦያጂያንም የዚያ ዘመን ሰው ናቸው።

ይሄ ታሪካችሁን አያሳንሰውም። እንዲያውም ይበልጥ የሚያጓጓ ጥያቄ ያመጣል። በማኅበር ካልመጡ በማን በኩል መጡ? ቀድሞ የገባ አጎት ነበራቸው? የሠሩት ከማን ጋር ነው?

በደብዳቤሽ የላክሽልኝን የቤተሰብ ስም እዚህ አላወጣውም፤ በ«ጂያን» እንደሚያበቃ ግን ልናገር። «ያን» የአርመን ነው፣ የእገሌ ልጅ እንደማለት። «ጂ» ደግሞ ቱርክኛ ሆኖ ባለሙያን ያመለክታል። ቦያጂያን የቀለም ቀቢው ልጅ ነው። ናልባንዲያንም የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ ማለት ነው፤ እሱ እንኳ ያለ«ጂ» ነው የሙያ ስም የሆነው። በስምሽ ውስጥ ከ«ጂያን» በፊት ያለውን ቃል ያንኑ ቱርክኛ ተናጋሪ ጠይቂው። የቅድመ አያትሽ አባት ወይም ከዚያ በላይ ያለው ሰው የእጁ ሙያ ምን እንደነበር ይነግርሻል። የክርስትና ወረቀቱ ላይ ደግሞ የክርስትና እናት ወይም አባት ስም ካለ እሱን ያዢው። ስደተኛ ልጁን ክርስትና የሚያስነሳው በሚያምነው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም በአገሩ ልጅ።

አክስትሽን በተመለከተ የራሴን ላጫውትሽ።

አያቴን ልጠይቅ የሄድኩት ደብተርና መቅረጫ ይዤ ነበር። መቼ ተወለድሽ? የአባትሽ አባት ማን ይባላል? ለምን አገርሽን ለቀሽ መጣሽ? እንደ መርማሪ ነው የጠየቅኳት። ሦስቱን መለሰችልኝና «ደክሞኛል» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከወር በኋላ ያለ ደብተር ሄድኩ። የድሮ ፎቶዋን እያየሁ እንዲሁ ከአፌ ወጣና «ይሄን ቀሚስ ማን ሰፋልሽ?» አልኳት። ጣቷን እጅጌው ላይ አሳረፈች። ቁልፎቹን ከላይ ወደ ታች ቆጠረቻቸው። ስድስት ናቸው። ስድስተኛው ሌላ ዓይነት ነበር፤ እናቷ ከራሷ ቀሚስ ፈትታ የሰፋችላት ነው። ከዚያ ስለ እናቷ አወራችኝ፣ እስኪመሽ ድረስ። የሄድኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። አራተኛውን አልደረስኩበትም። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

«ተዪኝ ልጄ» ማለት አላውቅም ማለት አይደለም። አባታቸው ካልነገሯቸው ዝምታውንም አብረው ወርሰዋል። ከእልቂት የተረፉ ሰዎች ለልጆቻቸው አለመናገራቸው የተለመደ ነበር። በዚያ ላይ እሳቸው ራሳቸው ሁለተኛ ስደት አይተዋል። እልቂቱን በስሙ ጠርተሽ አትጠይቂያቸው። አባታቸው ማታ ሲገቡ ኮታቸውን የት ይሰቅሉ እንደነበር ጠይቂ። ሲናደዱ በየትኛው ቋንቋ ይሳደቡ ነበር? ሲቆጥሩስ? ሰው ሲቆጥርና ሲናደድ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው የልጅነት ቋንቋው ነው፤ የጀርባው ጽሑፍ ቱርክኛ ሊሆን እንደሚችልም ያን ጊዜ ፍንጭ ታገኛለሽ። ካለቀሱ ዝም በዪ፤ እጃቸውን ያዢ፤ ወደ ሌላ ወሬ አትዝለይ። የተናገሩትን እንደተናገሩት ጻፊ፣ ቤትሽ ከገባሽ በኋላ። ዓመቱ ቢዛባባቸው አታርሟቸው፤ የማረሙን ሥራ ወረቀቱ ይሠራዋል።

ከመዝገብ ቤቱም፣ ከተርጓሚውም በፊት የአክስትሽ ይቅደም። ወረቀት ይቆያል። በሚቀጥለው ስትሄጂ ሴትዮዋ ያለችበትን ፎቶ ብቻ ይዘሽ ሂጂ። ጉልበታቸው ላይ አስቀምጪላቸውና አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ ይሄ የእጅ ጽሑፍ የማን ይመስልዎታል?