የአንባቢያን ጥያቄ፦ ቤቴን ለሴክሽን ኤይት ተከራይ እንዴት ላከራይ?

በአሜሪካ ቤት የሚያከራዩ አንባቢዎቻችን ስለ ሴክሽን ኤይት ቫውቸር ከላኩልን ጥያቄዎች የተለመዱትን መርጠን መልሰናል። ቫውቸሩ ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ቤት ሲከራይ የኪራዩን ከፊል መንግሥት የሚከፍልበት እርዳታ ነው። ዋናውን ደንብ የሚያወጣው ሃድ የሚባለው የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ስለሆነ በየስቴቱ ተመሳሳይ ነው። ሥራውን የሚያካሂደው ግን ሃውዚንግ ኦቶሪቲ የሚባለው የየአካባቢው የቤቶች መሥሪያ ቤት ነው፤ ከዚህ በታች "ሃውዚንጉ" እንለዋለን። ስለዚህ ቀጠሮው፣ የወረቀት አላላኩና የሚፈጀው ጊዜ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ አንድ ታውንሃውስ አለኝ። ሴክሽን ኤይት ውስጥ ቤቴን የማስመዘግበው የት ነው? ሰዎች "ወረፋው ዓመታት ይፈጃል" ይሉኛል።

የነገሩዎት የተከራዮቹን ወረፋ ነው። ዓመታት የሚጠብቀው ቫውቸር ፈላጊው ቤተሰብ ሲሆን አከራይ የሚቆምበት ሰልፍ የለም። ቤትዎን እንደማንኛውም የኪራይ ቤት ያስተዋውቃሉ፤ ቫውቸር የያዘ ሰው መጥቶ ቤቱን ከወደደው ሥራው ከዚያ ይጀምራል።

በመጀመሪያ ቫውቸሩን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። የተፈቀደለትን የመኝታ ክፍል ብዛትና ቫውቸሩ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። ቫውቸር ሲሰጥ ቢያንስ 60 ቀን አለው። ጥቂት ቀን ብቻ ከቀረው ሰውየው መጀመሪያ ማራዘሚያ ይጠይቅ፤ አለዚያ ወረቀቱን ሞልተው ሲጨርሱ ቫውቸሩ የሞተ ሆኖ ያገኙታል።

ተከራዩን ማጣራት የእርስዎ ፋንታ ነው። ሃውዚንጉ ቤተሰቡ ለእርዳታው ብቁ መሆኑን አየ እንጂ ኪራይ በሰዓቱ ይከፍላል፣ ቤት ይይዛል ብሎ አልመሰከረም። የተከራዩን የአሁንና የቀድሞ አድራሻ፣ የሚያውቀው ከሆነም የአከራዮቹን ስምና አድራሻ ሊሰጥዎት ግዴታ አለበት። ይጠይቁና ይደውሉ፤ ብዙ አከራይ ይህን መብት አያውቀውም።

ከተስማማችሁ ተከራዩ "የኪራይ ማጽደቂያ ጥያቄ" የሚባለውን 52517 ቁጥር ቅጽ ያመጣል። የሚጠይቁትን ኪራይ፣ ቤቱ የተሠራበትን ዓመት፣ የዲፖዚቱን መጠንና የሚገባበትን ቀን ይሞሉበታል። ቅጹ ተመልሶ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዩቲሊቲ (በመብራት፣ በጋዝና በውሃ) ሰንጠረዡ ምክንያት ነው። ማሞቂያው በጋዝ ነው በኤሌክትሪክ? ምድጃውስ? የሙቅ ውሃውስ? ለእያንዳንዱ ማን ነው የሚከፍለው? ማቀዝቀዣውንና ምድጃውን የሚያቀርበው ማን ነው? አንድ መስመር ባዶ ከሆነ ወይም ከሊዙ (ከኪራይ ውሉ) ጋር ካልተስማማ ፋይሉ ይቆማል፣ የቫውቸሩ ቀን ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ከዚህ ጋር የሊዙን ረቂቅ፣ ደብሊው-9 የሚባለው የታክስ ቁጥር ማሳወቂያ ቅጽ፣ ክፍያው በቀጥታ ባንክ የሚገባበት የዳይሬክት ዲፖዚት መረጃ፣ የባለቤትነት ማስረጃ (ዲድ)፣ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነም የሊድ (መርዛማ እርሳስ ያለበት) ቀለም መግለጫ ይጠየቃሉ። በእርስዎ ካውንቲ የማከራያ ፈቃድም ያስፈልጋል። እኛ አበሾች ዘንድ የሚያስቸግረው የስም አጻጻፍ ነው። ዲዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ደብሊው-9 ላይ ሌላ ዓይነት፣ ባንኩ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ስፔሊንግ ካለ ክፍያው ይታገዳል። ከማስገባትዎ በፊት ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ የምፈልገውን ኪራይ ይከፍሉኛል ወይስ እነሱ ናቸው የሚተምኑልኝ?

ዋጋውን የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት፤ ሃውዚንጉ ግን በሁለት ወንፊት ያሳልፈዋል። የመጀመሪያው፣ ቫውቸር የሌላቸው ሰዎች ከተከራዩአቸው የአካባቢው ተመሳሳይ ቤቶች ጋር ማነጻጸር ነው። ቤትዎ የታደሰ ከሆነ፣ ፓርኪንግ ወይም ማጠቢያ ማሽን ካለው በቅጹ ላይ ይጻፉት። ካልጻፉት የሚያነጻጽሩት ከተራ ቤት ጋር ነው።

ሁለተኛው የተከራዩ አቅም ነው። ሃድ በየዓመቱ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ የሚሠራ የአካባቢ ኪራይ ግምት ያወጣል፤ በዋሽንግተን አካባቢ ይህ በዚፕ ኮድ ተከፋፍሎ ነው የሚወጣው። ሃውዚንጉ አብዛኛውን ጊዜ የዚያን ከ90 እስከ 110 ፐርሰንት ወስዶ "የክፍያ ጣሪያ" ያደርገዋል።

ለምሳሌ ያህል ጣሪያው 2,400 ዶላር ነው እንበል። የተከራዩ የወር ገቢ ተቀናሹ ወጥቶለት 2,000 ዶላር ነው፤ ድርሻው 30 ፐርሰንት፣ ማለትም 600 ይሆናል። እርስዎ 2,200 ጠየቁ፤ መብራትና ጋዝ ተከራዩ ይከፍላል፣ ለዚያ የተገመተው 150 ነው። ድምሩ 2,350 ሲሆን ከጣሪያው በታች ነው። ሃውዚንጉ 1,750 ለእርስዎ ይልካል፣ ተከራዩ 450 ይከፍልዎታል፣ የቀረውን 150 ለዩቲሊቲ ያወጣል።

አሁን 2,500 ጠየቁ እንበል። ከዩቲሊቲው ጋር 2,650 ይሆናል። የሃውዚንጉ ድርሻ ከ1,800 አያልፍም፤ የቀረው 850 ተከራዩ ላይ ይወድቃል። አዲስ ተከራይ ሲገባ ኪራዩ ከጣሪያው ካለፈ ድርሻው ከገቢው 40 ፐርሰንት፣ እዚህ ላይ ከ800 ዶላር መብለጥ ስለማይችል ጥያቄው ይወድቃል። በ2,450 ግን ያልፋል። ስለዚህ "ውድ ነው" ተብሎ ቢመለስልዎ አይናደዱ፤ በየትኛው ወንፊት እንደወደቀ ይጠይቁ። ችግሩ የተከራዩ አቅም ከሆነ ትንሽ መቀነስ ወይም አንዱን ዩቲሊቲ ራስዎ መያዝ ሊያድነው ይችላል።

ጥያቄ (ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ)፦ ኢንስፔክሽን ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ቤቱ አዲስ ነው ማለት ይቻላል። ምንድን ነው የሚፈልጉት?

ኢንስፔክሽኑ ሃውዚንጉ ኪራዩን ከማጽደቁ በፊት የሚያደርገው የቤት ፍተሻ ነው። የሚፈልጉት ውበት አይደለም፤ አደጋ የሚያመጣ ነገር አለመኖሩን ነው የሚያዩት። ንጹሕ ቤት በትንሽ ነገር ይወድቃል።

ከሁሉ በፊት መብራት፣ ውሃና ጋዝ መከፈት አለባቸው። የቀድሞው ተከራይ ወጥቶ መብራቱ ከተቆረጠ ኢንስፔክተሩ ምድጃውንም ሙቅ ውሃውንም መሞከር ስለማይችል ያ ቀጠሮ ባከነ ማለት ነው። በር የሚከፍት ዐዋቂ ሰውም ይኑር።

ቀጥሎ ስሞክ አላርም (የጭስ ማስጠንቀቂያ)። ከዲሴምበር 29፣ 2024 ጀምሮ ወይ ከቤቱ ኤሌክትሪክ ጋር የተያያዘ፣ ወይ ባትሪው የማይከፈትና 10 ዓመት የሚቆይ መሆን አለበት። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ብቻውን የሚሠራው አሮጌው ዓይነት ቢጮህም አያልፍም፤ አንድ ሰው ደጋግሞ የሚወድቅበትም ይህ ሊሆን ይችላል። በየፎቁ፣ ቤዝመንት ካለ እዚያም፣ በመኝታ ክፍሎቹም አካባቢ ይደረግ። ጋዝ የሚያቃጥል ዕቃ ወይም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ጋራዥ ካለ የካርበን ሞኖክሳይድ አላርም ይጨመራል።

ከዚያ ቤቱን እንዲህ እየዞሩ ይዩት። ሽፋን የሌለው ወይም የተሰነጠቀ ሶኬት አለ? በሲንክ አጠገብ ያሉት ሶኬቶች "ቴስት" የሚለው ሲጫን ይዘጋሉ? የምድጃው አራቱም ዓይን ይለኮሳል? መሬት ፎቅ ያሉት መስኮቶች ይቆለፋሉ? የሽንት ቤቱ መቀመጫ ሲነኩት ይወዛወዛል? አራትና ከዚያ በላይ ደረጃ ያለበት ቦታ ሁሉ የእጅ መደገፊያ አለው? ከውስጥ በቁልፍ ብቻ የሚከፈት የውጭ በር በብዙ ቦታ ይጥላል፣ እሳት ቢነሳ ቁልፍ ፍለጋ ጊዜ ይወስዳልና። ዋተር ሂተሩ ላይ ደግሞ ከግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ወደ ታች የሚወርድ ቱቦ መኖር አለበት፤ ቫልቩ ቢከፈት የፈላ ውሃ ሰው ላይ እንዳይረጭ ነው። ቱቦው ርካሽ ነው፣ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ከ6 ዓመት በታች ልጅ የሚገባ ከሆነ የተላላጠ ቀለም ትልቅ ጉዳይ ነው። ዝም ብሎ ፍቆ መቀባት ሳይሆን የሊድ ሥልጠና ያለው ሠራተኛ ሊያስፈልግ ይችላል።

ካለፉ በኋላም ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ ይመለሳሉ። ለሕይወት የሚያሰጋ ጉድለት በ24 ሰዓት፣ ሌላው በ30 ቀን መስተካከል አለበት። በጊዜው ካልተስተካከለ ክፍያው ይቆማል፤ የቆመውንም ከተከራዩ መጠየቅ አይቻልም።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ ተከራይዋ ልጆች ይዛ መኪና ውስጥ ስለነበረች አዝኜ ቁልፍ ሰጠኋት። ኢንስፔክሽኑ ያለፈው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ሃውዚንጉ "ያለፈውን አንከፍልም" አለኝ።

ልበ ቀና ሆነው ነው፣ ግን ሃውዚንጉ ትክክል ነው። ቤቱ ሳያልፍና ጥያቄው ሳይጸድቅ የኖረችበትን ጊዜ አይከፍልም። ቁልፍ የሚሰጠው "ኪራዩ ጸድቋል፣ ከዚህ ቀን ይጀምራል" የሚል ጽሑፍ ከመጣልዎ በኋላ ነው። በቃል የተነገረውን አይመኑ። እርስዎና ሃውዚንጉ የምትዋዋሉትን የክፍያ ኮንትራት መፈረምም አይዘግይ፤ ሊዙ ከጀመረ በ60 ቀን ውስጥ በሁለቱም ወገን ካልተፈረመ ኮንትራቱ ዋጋ የለውም፣ ክፍያም አይኖርም።

የሦስቱን ሳምንት ኪራይ ከተከራይዋ ከመቀበልዎ በፊት ሃውዚንጉን በጽሑፍ ይጠይቁ። ኮንትራቱ ከጀመረ በኋላ ግን በሃውዚንጉ ደብዳቤ ላይ ከተጻፈው ድርሻዋ አንድ ዶላር በላይ መቀበል ክልክል ነው። "ኪራዩ አልበቃኝም፣ በጎን 200 ጨምሪልኝ" ማለት እርስዎን ከፕሮግራሙ ያስወጣል፣ ገንዘቡን ያስመልሳል፣ በማጭበርበርም ሊያስከስስ ይችላል። ተከራይዋ በፈቃዷ ብትሰጥም ያው ነው።

ጥያቄ (ስም አይጠቀስ)፦ ለእህቴ ቫውቸር ወጣላት። ቤቴን ላከራያት?

አይቻልም። አከራዩ የቤተሰቡ አባል ወላጅ፣ ልጅ፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ሃውዚንጉ አያጸድቅም። ልዩነት የሚደረገው ለአካል ጉዳተኛ የቤተሰብ አባል አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝና ሲፈቀድ ነው። ቤቱን በባል ስም አዛውሮ ማለፍ ይቻላል የሚሉትን አይስሙ፤ ዝምድናን ደብቆ መፈረም ራሱ ወንጀል ነው።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ የምኖርበት ቤት ቤዝመንት ይሆናል?

ይሆናል፣ ራሱን የቻለ ቤት ከሆነ። የራሱ መግቢያ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያስፈልገዋል፤ መኝታ ክፍሉም አደጋ ሲመጣ የሚወጣበት መስኮት ሊኖረው ይገባል። በዲሲ የማከራያ ንግድ ፈቃድም ይጠየቃል። ያለ ፐርሚት የተከፋፈለ ቤዝመንት የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት የፈቃዱን ነገር ይጨርሱ።

ጥያቄ (ከውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ)፦ የማከራየው አንድ ቤት ነው። "ሴክሽን ኤይት አንቀበልም" ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

የፌዴራሉ የቫውቸር ሕግ አያስገድድዎትም፤ የስቴቱ ግን ሊያስገድድ ይችላል። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2020 ጀምሮ በገቢ ምንጭ መከልከልን አግዳለች፤ ሆኖም ከአራት የማይበልጥ የኪራይ ቤት ያለውን ሰው ነፃ አድርጋዋለች። ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴትም የየራሳቸው ክልከላ አላቸው። በዋሽንግተን ስቴት "ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ይሁን" የሚል መስፈርት ካለዎት ቫውቸሩ የሚሸፍነው ከኪራዩ ተቀንሶ ነው የሚሰላው። ሌላ ስቴት ቤት ካለዎት የቨርጂኒያው ነፃነት አብሮዎት አይሄድም።

ጥያቄ (ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ)፦ ተከራዬ ሁለት ወር ድርሻዋን አልከፈለችም። ሃውዚንጉ ይተካልኛል?

አይተካም። መጀመሪያ ግን ሥራ አጥታ እንደሆነ ይጠይቋት። ገቢዋ መቀነሱን ለሃውዚንጉ ብታሳውቅ ድርሻዋ ተቀንሶ የእነሱ ሊጨምር ይችላል፤ ብዙ ተከራይ ፈርቶ ዝም ይላል። ካልሆነ እንደማንኛውም ተከራይ በስቴቱ ሕግ መሠረት ማስጠንቀቂያ ይሰጧታል፤ የማስለቀቂያ ማስታወቂያውን ግልባጭ ግን ለሃውዚንጉ መላክ ግዴታ ነው። የሃውዚንጉ ክፍያ ዘገየ ብሎ እሷን ማስወጣት አይቻልም። ለጉዳት ዋናው መያዣዎ ዲፖዚቱ ስለሆነ ከመግቢያው ቀን በፊት ይቀበሉት፣ የቤቱንም ፎቶ ያንሱ።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ ኪራይ መጨመርና ታክሱስ?

በመጀመሪያው የሊዝ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ መጨመር አይቻልም። ከዚያ በኋላ ጭማሪው ከመጀመሩ ቢያንስ 60 ቀን በፊት ለሃውዚንጉ ይጽፋሉ፤ ከአካባቢው ቤቶች ጋር እንደገና ይነጻጸራል። ለታክስ ሃውዚንጉ የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ 1099 በሚባለው የገቢ ማሳወቂያ ቅጽ ይልክልዎታል። እዚያ ላይ የተከራዩ ድርሻ የለበትም፤ ስኬጁል ኢ በሚባለው የኪራይ ገቢ የታክስ ቅጽ ላይ የሚገባው ግን የሁለቱ ድምር ነው።